ላብና ፈቃድ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባለው የረጅም ዘመን ግንኙነት ሁለት ዓይነት ጉዞ ሲጓዝ ኖሯል። አንደኛው ተፈጥሮ አስገድዳው የሚነሣበት ነው፤ ዝናም ሲቀር፣ ሣር ሲደርቅ፣ ጎተራ ሲራቆት። ሁለተኛው ራሱን ሊፈትን ወዶ የሚነሣበት ነው። ሁለቱም ጉዞዎች ያደክማሉ፤ ሁለቱም ላብ ያስወጣሉ፤ ከሩቅ ለሚያይ ዓይን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። የሚያመሳስላቸውንና የሚለያቸውን ለይቶ ማወቅ ለስፖርተኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይሆንም፤ ሕዝብን የሚያስተምር፣ ሕዝብን የሚያደራጅና ስለ ሕዝብ የሚጽፍ ሁሉ ሊመረምረው የሚገባ የሞራል ጥያቄ ነው።

ትራያትሎን የሚባለው ውድድር ለአያሌ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ነው። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ያለ ዕረፍት ተከታትለው የሚፈጸሙበት ሲሆን፣ በ1993 ዓ.ም. መግቢያ በሲድኒ ወደ ኦሎምፒክ ሲገባ ልኩ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። የሰሜን አውሮፓ ስፖርተኞች በረዶ መንገዳቸውን በሸፈነ ጊዜ በቡድን ሆነው ወደ ሞቃት አገር ይሄዳሉ። ከአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ፊት ለፊት የሚገኙት የስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ በተለይም ላንዛሮቴ፣ ለዚህ የታወቁ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በአንድ ሠፈር ይቀመጣሉ። ሲነጋ ይዋኛሉ፤ ረፋዱን ብስክሌት ይነዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይሮጣሉ፤ ማታ አብረው በልተው ይተኛሉ። የልምምድ ካምፕ የሚባለው ይህ ነው።

ሙቀት በአካል ላይ የሚሠራው ሥራ በሳይንስ የታወቀ ነው። በሙቀት ውስጥ በየዕለቱ የሚለማመድ ሰው ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ላቡ ቀድሞና በዝቶ ይወጣል፤ ከላቡ ጋር የሚባክነው ጨው ይቀንሳል፤ ልቡም ለዚያው ሥራ ከቀድሞው ያነሰ ምት ይበቃዋል። ወደ ብርዱ አገር ሲመለስ ግን ይህ ያካበተው አቅም በሳምንታት ውስጥ እየከሰመ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ አካል ባለቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም። ፀሐይ ወዶ በመጣውም ተገዶ በቆመውም ቆዳ ላይ እኩል ታርፋለች፤ ላቡም ያው ላብ ነው።

ይህን ሐቅ ይዞ ፊትን ወደ ዋግ ኽምራ ማዞር ጥያቄውን ያከብደዋል። ፃግብጂ የሰቆጣ ደጋ እየተሸራረፈ ወደ ተከዜ ተፋሰስ በሚወርድበት አቅጣጫ የሚገኝ ምድር ነው። እዚያ ፀሐይን ፍለጋ ባሕር የሚሻገር የለም። አንዲት እናት 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጩ ወደ ጎጆዋ ዳገቱን ስትወጣ፣ ልቧ የሚመታው ምት፣ ሳምባዋ የሚስበው አየር፣ ከግንባሯ የሚወርደው ላብ በላንዛሮቴ አቀበት ላይ ብስክሌት ከሚገፋው ስፖርተኛ አያንስም። እርሱ ለሁለት ሳምንት ያደረገውን እርሷ ዕድሜዋን ሙሉ አድርጋዋለች። ታዲያ የእርሱ ድካም ልምምድ፣ የእርሷ ድካም ችግር የተባለው በምን ምክንያት ነው? ስሙን የለየው ሀብት ብቻ ይሆን? ወይስ ከሀብት በስተጀርባ ሌላ ነገር አለ?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ቀላልና የሚያስደስት ነው፤ ይኸውም ችግር ጀግና ያፈራል የሚለው ነው። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበውም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። በልጅነቱ በአሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ ሲሮጥ የግራ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ መያዙም ደብተር ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ መሆኑ በዓለም ዙሪያ ተነግሯል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው ድምዳሜ ግን ይጎድለዋል። በዚያው ዘመን በአርሲም፣ በዋግም፣ በጎጃምም እንደ ኃይሌ ያንኑ ያህል መንገድ የሮጡ ሕፃናት ቁጥር ስፍር አልነበራቸውም። አብዛኞቹ ከመንገዱ ያተረፉት ድካምን ነው፤ ብዙዎቹም መንገዱ ስለረዘመ ትምህርታቸውን ተዉ። ችግር ብቻውን ጀግና የሚያፈራ ቢሆን ኖሮ ዋግ በሜዳልያ ብዛት ማንንም ባስከነዳች ነበር።

የአበበ ቢቂላም ታሪክ በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ዓለም ባዶ እግሩን የድሉ ምሥጢር አደረገው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ ተጫምቶ ሲሮጥ ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ከሮሙ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኖ ማለት ነው። የሮምን ድል ያስገኘው ጫማ ማጣት አልነበረም። በሮም ያን ዕለት የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው በባዶ እግሩ ለመሮጥ መረጠ፤ በቶኪዮ የተስማማውን መረጠ። በሁለቱም ቦታ ያሸነፈው በአሠልጣኝ የተመራ፣ የሚበላና የሚተኛ፣ ለዚያ ቀን ሲዘጋጅ የኖረ ሰው ነው።

የበቆጂም ምሥጢር ከዚህ የራቀ አይደለም። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው ይህች የደጋ ከተማ ከፍታዋና ቀዝቃዛ አየሯ ብዙ ረድቷታል። ሆኖም እንደ እርሷ ከፍ ብለው የሚገኙ የኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ናቸው። በበቆጂ ከከፍታው ሌላ አንድ መምህር ነበር፤ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን ሰብስቦ፣ ልክ ሰጥቶ፣ ዛሬ ይህን ያህል ሩጡ፣ ነገ ዕረፉ ይላቸው ነበር። የአዲስ አበባ ሯጮችም ዛሬ በእንጦጦ ብርድ፣ ነገ ወደ ሞቃቱ አቃቂ ወርደው አስፋልት ላይ፣ ሌላ ቀን ሱሉልታ ሜዳ ላይ በየተራ ይለማመዳሉ። ሁልጊዜም በቡድን ነው። አንዱ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይይዛል፤ ሌሎቹ እግር በእግር ይከተሉታል፤ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። ገበሬው ወንፈል የሚለው የሥራ ሕግ እዚህ በሩጫ ተተርጉሟል፤ ዛሬ ላንተ የደከምኩትን ነገ አንተ ለእኔ ትደክማለህ እንደማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ድካምን ልምምድ የሚያሰኙ ነገሮችን መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው ልክ ነው፤ ድካሙ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ከበስተኋላውም ምግብና እንቅልፍ ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ጓድ ነው፤ ሸክሙ በተራ ይያዛል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚልቀው መመለሻ ነው። ወዶ የሄደ ሰው ወዶ ማቆም ይችላል። የፈቃድ መኖር በይበልጥ የሚታወቀው ጉዞው በተጀመረበት ሰዓት ሳይሆን፣ በቃኝ ለማለት በሚቻልበት ሰዓት ነው።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. በዶሃ የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሙቀቱን ሽሽት የሴቶቹ ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ ቢጀመርም፣ የሙቀቱ መጠን ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ አየሩም በእርጥበት የታፈነ ነበር። ከተሰለፉት 68 ሯጮች ውስጥ 28ቱ አቋርጠው ወጡ፤ ከእነርሱም መካከል ሦስቱም የኢትዮጵያ ሯጮች፣ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ነበሩበት። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ ሌሊሳ ዴሲሳ የወንዶቹን ውድድር በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሞስነት ገረመውም ተከትሎት ገባ። ሕዝቡ ሌሊሳን አጨብጭቦ ተቀበለ። ያቋረጡት ሦስቱ ግን ያነሰ ክብር ሊሰጣቸው አይገባም። በመንገዱ ዳር ሐኪም ነበረ፤ ውኃ ነበረ፤ ወደ ቤት የሚመልስ አውሮፕላን ነበረ። ማቆም መቻላቸው ራሱ ሩጫቸው የነፃ ሰው ሩጫ መሆኑን ይመሰክራል።

አሁን ደግሞ በዋግ ሰው ትዝታ ውስጥ ካምፕ የሚለው ቃል ምን እንደያዘ ማየት ይገባል። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ዋግ አውራጃ ሆኖ የሚገኝበትን የወሎ ክፍለ ሀገርን ሲመታ፣ የቆላው ገበሬ ከነቤተሰቡ ወደ ኮረም ወጣ። ኮረም ከፍተኛ ቦታ ነው፤ ሌሊቱ ይቆረጥማል። አውሮፓዊው ስፖርተኛ ብርድን ሸሽቶ ወደ ሙቀት ሲሄድ፣ የዋግ ሰው ከሙቀት ወደ ብርድ ወጣ፤ የሄደውም እህል ፍለጋ ነበር። በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ለዓለም የታየው ያ ሠፈር፣ ረሀብ ያደከመውን አካል የሌሊት ብርድ የሚጨርስበት ቦታ ሆኖ ነበር።

ከዚያም የሠፈራው ጉዞ ተከተለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው በቡድን በቡድን ተጭኖ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ መተከልና ወደ ሌሎችም የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ተወሰደ። በቡድን መሄድ ነበረ፤ ሞቃት አገር ነበረ፤ ካምፕ ነበረ፤ በማለዳ ተጠርቶ ለሥራ መውጣትም ነበረ። ወዶ የሄደ አልነበረም ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ብዙዎች ግን ተገደው ሄዱ፤ ቤተሰብ ተለያየ፤ ወባን የማያውቀው የደጋ ሰው በወባ አለቀ። የጉዞው መልክ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ የጎደለው በቃኝ የማለት መብት ነበር። መመለስ የፈለገ ሰው በእግሩ፣ በሥውር፣ እንደ ወንጀለኛ ይመለስ ነበር። ዓላማው የቱንም ያህል በጎ ቢባል፣ መመለሻ የሌለው ካምፕ ሰውን ሊያጠነክር አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጀሪካን ያዘለችው የፃግብጂ እናት ፈቃድ የላትም ማለት እርሷን መናቅ አይሆንም ወይ? ልጇ ውኃ እንዲጠጣ ዳገቱን የምትወጣው ወዳ ነው፤ ፍቅሯ ከማንኛውም ሜዳልያ ይበልጣል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሊዘለልም አይገባም። ሆኖም በግብና በሁኔታ መካከል ልዩነት አለ። ልጇን ማጠጣትን መርጣለች፤ የምንጩን ርቀት ግን አልመረጠችም። አንድ ቀን ዕረፍት ልውሰድ ብትል ጥሙ አይጠብቃትም። ስለዚህ ሊከበር የሚገባው የእርሷ ጽናት ነው፤ ርቀቱ አብሮ ሊከበር አይገባም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወድስ ሰው ሳያውቀው የርቀቱ ጠበቃ ይሆናል።

ይህ ስሕተት በሥነ ጥበብ መስክ ብዙ ጊዜ ይፈጸማል። ሠዓሊው የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ሲሥል ውበት አየሁ ይላል፤ ገጣሚው የዳገቷን እናት ብረት ናት ብሎ ያወድሳታል፤ መምህሩ ባዶ እግሩን የመጣውን ተማሪ፣ አበበም እንዳንተ ነበር ብሎ ያጽናናዋል፤ የሕዝብ አደራጁም በስብሰባ ላይ፣ ሕዝባችን ችግር የለመደ ጽኑ ሕዝብ ነው ይላል። ሁሉም የተናገሩት ከፍቅር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ችግር የለመደ የሚለው አነጋገር በውስጡ ፍርድ አለበት፤ የለመደ ይቻለዋልና ይጠብቅ የሚል ፍርድ። አበበ በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ጫማ መጫማቱን ለዚያ ተማሪ የሚነግረው መምህር ከሁሉ ይልቅ ታሪክን አስተምሯል፤ ሕፃኑም ጫማ እንደሚገባው ነግሮታል።

ፃግብጂ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ከፃግብጂና ከአበርገሌ የተፈናቀለ ሕዝብ በሰቆጣ ከተማና በአቅራቢያዋ በወለህ በመጠለያ ተቀመጠ። ካምፕ የሚለው ቃል ለሦስተኛ ጊዜ በሌላ ትርጉም ወደ ዋግ መጣ። ቤቱ ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ፣ በእግር ሊደረስበት በሚችል ርቀት ላይ እያለ ሰው ተፈናቃይ ተባለ። ለእርሱ የመመለሻ ጥያቄ የፍልስፍና ጨዋታ አልነበረም፤ በየማለዳው ፊቱን ወደ ቀዬው አዙሮ የሚጠይቀው ጥያቄ ነበር።

እንግዲህ በላንዛሮቴ መንገድ ላይ የሚያልበውን ስፖርተኛ መውቀስ ተገቢ አይደለም። እርሱ የሚያደርገው ነገር ሰው ከችግር ነፃ ሲወጣ በአካሉ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል፤ ወዶ ይደክማል፣ ከጓዶቹ ጋር ይደክማል፣ ጨርሶም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ለአንድ አውሮፓዊ ከተፈቀደ ለፃግብጂ ልጅም የማይፈቀድበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። ምንጩ ወደ ቀዬው በቀረበ፣ ትምህርት ቤቱ በተጠጋ፣ ቤቱም በሰላም በተጠበቀ ቀን፣ ያ ልጅ በዚያው ዳገት ላይ ሊሮጥ ይችላል። ያን ዕለት ዳገቱ አይቀንስም፤ ፀሐይዋም አትበርድም። ልጁ ግን ሲደክመው ይቆማል፤ ቆሞም ቁልቁል ተከዜን እያየ ይስቃል።