በጎ ሥራ በግድ ይሠራልን?



የአንድ አገር መሥራች ስም ሲነሣ እኛ ወጣቶች ሁለት ወገን ሆነን እንከራከራለን፤ አንዱ ያመሰግናል፤ ሌላው ይነቅፋል፡፡ ስለ ታንዛንያው ጁሊየስ ኔሬሬ ግን ሁለቱንም ማድረግ ሳይኖርብን አይቀርም፡፡ (ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፡፡)

ኔሬሬ በ1922 በቡቲያማ መንደር ከዛናኪ ነገድ አለቃ ተወለዱ፡፡ በ1943 ተጠመቁ፤ መምህርም ሆኑ፡፡ ሕዝባቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው «ምዋሊሙ» ይላቸው ነበር፤ መምህር ማለት ነው፡፡ በ1961 ታንጋኒካን ያለ ጦርነት ለነጻነት አበቁ፤ በ1964 ከዛንዚባር ጋር አዋሐዱ፡፡ በ1966 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብሔራዊ አገልግሎትን ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ከ300 በላይ የሚሆኑትን አባረሩ፡፡ ነገር ግን ተማሪዎቹ የባለ ሥልጣናቱን ደመወዝ ነቅፈው ስለ ነበር፣ ወዲያው የራሳቸውን ደመወዝ 20 በመቶ ቀነሱ፡፡ እኛም ተማሪዎች ነንና ይህን ስናነብ በአንድ ጊዜ እንቈጣለን፤ እንገረማለንም፡፡

በ1967 በአሩሻ መግለጫ «ኡጃማ»ን፣ ማለትም ቤተ ሰብነትን፣ የአገሪቱ መንገድ አደረጉ፡፡ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በመንደር ተሰብስቦ በአንድነት ያርሳል፤ ትምህርት ቤትና ንጹሕ ውኃም ያገኛል፡፡ ሐሳቡ ያማረ ነበር፡፡ ገበሬው ግን እንደ ታሰበው በፈቃዱ አልመጣም፡፡ ስለዚህ በ1973 በመንደር መኖር ትእዛዝ ሆነ፡፡ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ተዛወረ፤ በአንዳንድ ስፍራ ሰዎቹ እንዳይመለሱ ቤታቸው ተቃጠለ፤ ብዙዎችም ከማሳቸው ራቁ፡፡ ድርቁም ተጨምሮ አገሪቱ እህል ከውጭ ለመግዛት ተገደደች፡፡ (መንደር ምሥረታ ምን እንደ ሆነ በ1980ዎቹ የእኛም ገበሬ አይቶታል፡፡)

ታዲያ እኒህ ሰው ክፉ ነበሩን? አልነበሩም፤ ጭንቁም እዚህ ላይ ነው፡፡ ለሆዱ የገዛን ሰው መኰነን ቀላል ነው፡፡ ደግ ሰው ግን ለራሱ እንደማይፈልግ ስለሚያውቅ፣ እምቢ ያለውን ሁሉ ጥቅሙን የማያውቅ ሕፃን አድርጎ ይቈጥረዋል፡፡ መምህር ተማሪውን እንደሚያዝዝ ሽማግሌውን አባወራ ያዝዘዋል፡፡

ከእኛ መካከል «ሐዋርያትስ ሁሉን በአንድነት አልያዙምን?» የሚል አለ፡፡ ይዘዋል፤ ነገር ግን የሐናንያን ታሪክ ልብ ብለን እናንብብ፡፡ ቅዱስ ጴጥሮስ መሬቱም ዋጋውም በሐናንያ ሥልጣን ሥር እንደ ነበረ ነገረው፡፡ የተፈረደበት ስለ ዋሸ ነው፤ መሬቱን ባይሸጥ ኖሮ ማንም ባላስገደደው ነበር፡፡

ኔሬሬ በ1977 አገራቸው ሶሻሊስትም እንዳልሆነች፣ ራሷንም እንዳልቻለች በይፋ ጻፉ፡፡ በ1985 የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ዘግየት ብለውም በቡቲያማ እርሻቸው ተቀመጡ፡፡ በ1999 ዐረፉ፡፡ ከ2005 ጀምሮ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስናቸውን ትመረምራለች፡፡ መርማሪዎቹ ማለዳ ማለዳ ሲያስቀድሱ ያዩአቸውን ምስክሮች ብዙ ያገኛሉ፡፡ ቤቱ የተቃጠለበትንም ገበሬ ጠርተው ቢጠይቁት እንወድዳለን፡፡