ይቅርታው የማን ነው?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ዲማ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና አቅራቢያ ወደሚገኘው በቤተ ክህነት ትምህርት ስሙ ወደገነነው ደብር ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ትምህርቱን ሳይሆን የዚያ አገር ገበሬ ደም የሚያደርቅበትን ሽምግልና ነው። «ይህ ለእኛ ለከተማ ሙስሊሞች ምናችን ነው?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ።

በጎጃም ደጋ ሰው ሲገደል ነገሩ በገዳይና በሟች መካከል ብቻ አይቀርም። ጠቡ በወሰን ይነሣ በመጠጥ፣ ገዳይ ይሸሻል፤ የሟች ወንድም ደመኛ ይሆናል፤ የገዳይ ዘመዶችም ገበያ መውጣትና ማሳቸውን ማረስ ይፈራሉ። መንግሥት ገዳዩን ይዞ ቢያስረው እንኳ ደሙ አይደርቅም። እስራቱን ጨርሶ ሲመለስ የሟች ልጅ ጎርምሶ ይጠብቀዋልና። ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላም ሽማግሌ የሚላከው ስለዚህ ነው። ሽማግሌዎች ከሟች ቤት ደጃፍ ይቆማሉ፣ እምቢ ይባላሉ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። ቤተሰቡ እሺ ያለ እንደሆነ ካሳ ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል፤ ገዳዩም ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገኖች እግር ሥር ይወድቃል። «ተነሥ» የሚለው ቃል የሚጠበቀው ከእነሱ አፍ ነው፤ ከሽማግሌው አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 178 ስለ ቂሷስ ሲደነግግ ለሟች ወገን የይቅርታን በር ከፍቶ፣ ይቅር የተባለውም ካሳውን በመልካም አኳኋን እንዲከፍል አዟል። እዚያው ላይ የሟችን ወገን የገዳዩ ወንድም አድርጎ መጥራቱን ልብ ይሏል! ሆኖም ይህ በር የተሰጠው ለሟች ወሊይ ነው። ኢማምም ሆነ ሽማግሌ በእሱ ስም ሊከፍተው አይችልም።

ቡኻሪ የዘገቡትን የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ.) ታሪክ እናስታውስ። ከዕብ ያበደረውን ገንዘብ ከኢብኑ አቢ ሐድረድ በመስጊድ ውስጥ ሲጠይቅ ድምፃቸው ከፍ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቤታቸው መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉና ግማሹን እንዲተውለት ለከዕብ በእጃቸው አመለከቱት። እሱም እሺ አለ። ወዲያው ወደ ባለ ዕዳው ዞረው ቀሪውን ተነሥቶ እንዲከፍል አዘዙት። እኛ ሽማግሌ ነን ባዮች ይህን ሐዲስ ስንጠቅስ የመጀመሪያውን አጋማሽ እናስታውሳለን፤ ሁለተኛውን ግን እንውጠዋለን።

የገጠሩ ሽምግልና ነውር የለበትም ማለቴ አይደለም። ወንበሩ የወንዶች ነው። ልጃገረድ ተጠልፋ አባቶች ሲታረቁ እሷን የጠየቃት ስንት ጊዜ ነበር? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጋብቻ ቢከተልም ጠላፊው ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ የደነገገው በከንቱ አይደለም። ነፍስ ግድያም ቢሆን የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው፤ ዕርቅ ክሱን አያስቀርም፤ ከልብ መጸጸትና መካስ ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችላል እንጂ።

ጥያቄው በአንድ ቤተሰብ ደጃፍ አያበቃም። በታኅሣሥ 2012 በዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ። ድርጊቱን ያወገዙ ክርስቲያኖች ብዙ ነበሩ። ያን ሰሞን እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን፣ ግማሻችን «ይቅር ብለናል» ለማለት፣ ግማሻችን ደግሞ «ዕርቅ የለም» ለማለት ተሽቀዳደምን። ሱቁ ዐመድ የሆነበት ነጋዴ ግን ሁለቱንም እንድንልለት አልወከለንም።

እኔ ራሴ በዚህ ጥፋት ውስጥ ነበርኩበት። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት በመኪና ተገጭቶ ሞተና ከሰፈራችን መስጊድ አራት ሆነን ለሽምግልና ወደ እናቱ ሄድን። የሾፌሩ ወንድም ገንዘቡን በፖስታ ይዞ ከእኛ ጋር ነበር። «እማማ፣ ቀደር ነው፤ ለአላህ ብለው ይተዉት» አልናቸው። ሶብር እያልን ሐዲስ አከታተልንባቸው። ስንቱን ይሙሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ። ፋቲሓ ቀራን። ደስ ብሎን ጫማችንን ስንፈልግ ከኋላችን ድምፃቸውን ሰማን፦

«ልጆቼ፣ ልጄን የገጨው የትኛው ነው? እናንተ ውስጥ አለ?»

አልመጣም ነበር። እንዲመጣ የጠየቅነውም የለም።

ወላሁ አዕለም።