ሸክላው የማን ነው?

አንድ ሰው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ አንዲት ትንሽ የዘፈን ሸክላ መርጦ፣ ዋጋዋን ከፍሎ ወደ ቤቱ ሲወስድ የገዛው ነገር በትክክል ምንድን ነው? ፕላስቲኩን ነው እንዳይባል፣ ያው ፕላስቲክ ድምፅ ባይቀረጽበት ኖሮ ማንም ጐንበስ ብሎ አያነሳውም ነበር። ዘፈኑን ነው እንዳይባል፣ ዘፈኑ የደራሲው፣ የአቀናባሪውና የድምፃዊው፣ ከዚያም አልፎ ሲያንጐራጕረው የኖረው ሕዝብ ነው። በፕላስቲኩና በዘፈኑ መካከል ያለው ይህ ሦስተኛ ነገር ምንነቱ ሳይታወቅ የሰብሳቢውን መብትና ግዴታ መለየት አይቻልም።

ሰባት ኢንች ስፋት ያላት፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው ሸክላ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። በፊቷ አንድ ዘፈን፣ በጀርባዋ ሌላ ትይዛለች። ዋጋዋ ለወጣቱ ኪስ የሚደፈር ነበር፤ ዕድሜዋም እንደ ዘፈኑ ዝና አጭር ይሆናል ተብሎ የታሰበ ነው። ለመጣል የተሠራ ነገር ከጊዜ በኋላ እንደ ንዋየ ቅድሳት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ማየት ፈገግ የሚያሰኝም፣ የሚያሳስብም ነው።

በኢትዮጵያ የሸክላው ታሪክ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን ካስቀረጹበት ጊዜ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ብዙዎቹ የኪነት ሥራዎቻችን በሥልጣን እጅ ገባ። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን አጥር የዘለለው አምሀ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ነው። በ1969 በራሱ ስም ማሳተሚያ አቋቁሞ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በባለ 45 ዙር ሸክላ አወጣ፤ ሸክላዎቹንም በውጭ አገር እያሳተመ ያስገባ ነበር። በማከታተል ካይፋና ሌሎችም ወደ ሥራው ገቡ። ከአብዮቱ መፈንዳት በኋላ፣ በ1975፣ አምሀ አገር ለቅቆ ወጣ። በ1978 ገደማ ደግሞ ካሴቱ ሸክላውን ጨርሶ ከገበያ አስወጣው። በዚያች ዐሥር ዓመት በማትሞላ ጊዜ የታተሙት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች 500 ያህል ዓይነት እንደሚሆኑ ይገመታል። የአንድ ትውልድ የከተማ ሙዚቃ በዚህች ቍጥር ውስጥ ተከማችቶ ቀረ ማለት ነው።

ካሴት የገዛው ቤተሰብ ሸክላውን ከአልጋ ሥር ከተተው፤ ማጫወቻው ሲበላሽ ደግሞ ረሳው። ከዓመታት በኋላ ግን የውጭው ዓለም ያስታውሰው ጀመር። የማሕሙድ አሕመድ ሥራ በ1986 በቤልጅግ እንደገና ታተመ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመትም በ1990ዎቹ መጨረሻ ወጣ። ይኸው ከአልጋ ሥር የተረሳው ሸክላ በውጭ ገበያ ፈላጊው በረከተ። የሞራሉ ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ጕዳይ ያነሣል። ሮድስ በተባለችው ደሴት ረሀብ ገብቷል፤ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል፤ እህል የጫኑ ሌሎች መርከቦችም ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል። ይንገራቸውን? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን ሕግ ከሚያዘው በላይ የመናገር ግዴታ የለበትም ይላል። አንቲፓትር ግን ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን አንዳች ነገር መደበቅ የለበትም ባይ ነው። ሲሴሮም ለጥቅም ብሎ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ ነው ሲል ከአንቲፓትር ጐን ቆሟል።

በሸክላው ገበያ ዝም የሚለው ሻጩ ሳይሆን ገዢው ነው። አንዲት አሮጊት የሟች ባለቤታቸውን ሣጥን አውጥተው ሲሸጡ፣ ሰብሳቢው አንዷን ሸክላ አይቶ ልቡ ይዘላል፤ ፊቱን ግን ያጨፈግጋል፤ «ተጭራለች» ይላል፤ ጥቂት ብር ሰጥቶ ይሄዳል። ለራሱ መከራከሪያ አያጣም። ዕውቀቱን በነጻ አላገኘውም፤ ዓመታት አንብቧል፣ አዳምጧል፣ ያለ ውጤት ብዙ አቧራ አራግፏል። እሱ ባይደርስ ኖሮ ሣጥኑ ወደ ቈሻሻ መጣያ ይሄድ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ዕውቀት የድካም ዋጋ አለው፤ ከሙያ ነጋዴ ጋር የሚደራደር ሰውም የሚያውቀውን ሁሉ የመዘርዘር ግዴታ አለበት ማለት ገበያን አለማወቅ ነው። ነገር ግን በነጋዴውና በአሮጊቷ መካከል ልዩነት አለ። ነጋዴው መጠየቅና ማወዳደር ይችላል፤ ባያደርገው የራሱ ስንፍና ነው። አሮጊቷ ግን መጠየቅ እንዳለባቸውም አያውቁም። ዕውቀት የሌላውን ችግር መጠቀሚያ የሚሆነው ሌላው የማወቂያ መንገድ በሌለው ጊዜ ነው። ጭረት የሌለበትን ሸክላ ተጭሯል ማለትማ ዝምታም አይደለም፤ ውሸት ነው።

ሻጩ ድርሻውን ቢያገኝ እንኳ አንድ የተረሳ ሰው አለ፤ እሱም ከያኒው ነው። በአሮጌ ሸክላ ሽያጭ ላይ ድምፃዊውም ሆነ አቀናባሪው ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ሠዓሊ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፈረንሳይ በ1920 ባወጣችው ሕግ ሥዕል እንደገና በተሸጠ ቍጥር ሠዓሊው ድርሻ እንዲያገኝ ደንግጋለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ይህን መብት በአባል አገሮች የሚያስፋፋ መመሪያ አውጥቷል። ሸክላ ግን ብዙ ቅጂ ያለው የኅትመት ውጤት ስለሆነ በዚህ ውስጥ አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ፣ ቍጥር 410/1996፣ የከዋኞችንና የድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚዎችን መብት ያውቃል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ የተሸጠች ሸክላ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ለከያኒው የሚተርፈው ነገር የለም። ሕጉ በዚህ ስለ ተሳሳተ አይደለም፤ አሮጌ መጽሐፍ በተሸጠ ቍጥር ለደራሲው ይከፈል የሚል የለም። ነገር ግን ሕግ ያላስገደደው ሁሉ ከኅሊና ዕዳ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

የግርማ በየነን ጕዳይ ማንሣት ይጠቅማል። ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ ሆኖ ለብዙ ድምፃውያን ሥራ የደከመው ይህ ሰው በራሱ ድምፅ በሸክላ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች በጣም ጥቂት ናቸው። ለብዙ ዓመታትም ከሙዚቃ ርቆ በአሜሪካ ኖረ። በ2017 ግን የኢትዮፒክስ 30ኛ ቅጽ ሆኖ አዲስ ሥራው ከፈረንሳዩ «አካሌ ውቤ» ቡድን ጋር ወጣ። እነዚያን ጥቂት ሸክላዎች ጠብቆ ያቈየ፣ ያዳመጠና ያሰማ ሰው ባይኖር ኖሮ አዲሱ አድማጭ በምን ያውቀው ነበር? የሰብሳቢ ፍቅር ለከያኒው የሚከፍለው አንድ መንገድ ይህ ነው፤ ሸክላው በመደርደሪያ ላይ ስለ ተቀመጠ ሳይሆን ለጆሮ ስለ ደረሰ።

የተቃራኒው ምሳሌ በሰሜን እንግሊዝ ይገኛል። በ1970ዎቹ በዚያ አካባቢ ያሉ ወጣቶች በየጭፈራ ቤቱ ያልታወቁ የጥቍር አሜሪካውያን ዘፈኖችን ይወዱ ነበር። ብርቅ ሸክላ ያገኘ አጫዋች ተወዳዳሪው ደርሶ እንዳይገዛ በመለያ ወረቀቷ ላይ ሌላ ወረቀት ለጥፎ የሐሰት ስም ይሰጣት ነበር። ሕዝቡ በዘፈኑ ይጨፍራል፤ የዘፋኙን ስም ግን አያውቅም፤ ባለ ድምፁም በባሕር ማዶ እንደ ተወደደ አይሰማም። ፍራንክ ዊልሰን በ1965 የዘፈናት አንዲት ሸክላ፣ አብዛኞቹ ቅጂዎቿ ስለ ተደመሰሱ፣ በ2009 ከ25,000 ፓውንድ በላይ ተሽጣለች። ዋጋው የድምፁ አይደለም፤ ድምፁን በርካሽ ዋጋ ማዳመጥ ይቻላል። የተከፈለበት ነገር ሌላው ሰው ማጣቱ ነው።

በሌላው ማጣት የሚደሰት ሰብሳቢና ለሌላው ሲል የሚጠብቅ ሰብሳቢ በመልክ አይለያዩም። ሁለቱም ሸክላዋን በጠርዟ ይይዛሉ፤ ሁለቱም ከፀሐይ ያርቃሉ። በአማርኛ ግን ልዩነታቸውን የሚገልጽ ቃል አለ፤ አንደኛው ንብረት፣ ሁለተኛው አደራ ይለዋል። ባለአደራ ዕቃውን ይጠቀምበታል፣ ይደሰትበታል፤ ሲጠየቅ ግን ያወጣል። ቀድሞ ሰብሳቢው «መርፌው በሄደበት ቍጥር ሸክላው ይበላል» ብሎ ሊከለክል ይችል ነበር፤ ይህም ሐቅ ነው። ዛሬ ግን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ማጫወትና ድምፁን በኮምፒዩተር መቅዳት ይበቃል። ቢያንስ በመለያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቍጥር፣ የድምፃዊውንና የአቀናባሪውን ስም መዝግቦ ለተመራማሪ መስጠት ምን ያጐድልበታል? እርግጥ ነው፣ የመንግሥት ቤተ መዛግብትም ቢሆን በሩን ቈልፎ ከተቀመጠ ከቈልማማው ሰብሳቢ አይሻልም።

አንድ ትንሽ ነገር ይቀራል። በአሮጌ ሸክላ ላይ ብዙ ጊዜ በእስክሪፕቶ የተጻፈ ስም ይገኛል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ለጭፈራ ሲያውሰው እንዳይጠፋበት የጻፈው ነው። ገበያው ይህን እንደ ጕድለት ቈጥሮ ዋጋ ይቀንሳል፤ አንዳንዱም በአልኮል ያጠፋዋል። ስሙ ግን ሸክላዋ በማን ቤት እንደ ዘፈነች፣ ከእጅ ወደ እጅ እንደ ተዋሰች የሚናገር ብቸኛ ምስክር ነው። አልኮሉን ያነሣ ሰው የሚያጸዳው የራሱን ዕቃ ነው ወይስ የሌላውን ሰው ፊርማ?