«ደርቋል»

ወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የተናገራችሁት ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። የዋሸሁትም «ደርቋል» በምትል አንዲት ቃል ነው።

የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነኝ። በጳጉሜን አንዲት እናት ያዘዙኝን የዋንዛ ጠረጴዛ እያጠናቀቅሁ ነበር። ለዘመን መለወጫ እንዲደርስላቸው ፈልገዋል። ማሳረጊያውን የቀባሁት በውሃ የተዘጋጀ ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ነው።

ይህን ቫርኒሽ የማታውቁት ካላችሁ ጠባዩን ላስረዳችሁ። በቆርቆሮው ውስጥ ወተት ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ጠርቶ የእንጨቱን መልክ ያሳያል። ቆርቆሮውን መነቅነቅ አረፋ ስለሚያመጣ ቀስ ተብሎ ይማሰላል። በናይለን ብሩሽ በስሱ ይቀባል። በመጀመሪያው ዙር ውሃው የእንጨቱን ቃጫ ስለሚያስነሣው ገጹ ይሻክራል፤ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጎ ማሸት፣ አቧራውን መጥረግና መድገም ያስፈልጋል። እኔም ሦስቱንም ዙር በሥርዓቱ ቀባሁ። ጥፋቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይደርቃል ማለት ይቻላል። ውሃው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሲተን እጅ ላይ መጣበቁን ይተዋል። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ተቀራርበውና ተያይዘው ጽኑ ሽፋን እስኪሆኑ ግን ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በብርድና በእርጥበት ወቅት ደግሞ ይዘገያል። እስከዚያ ድረስ ጨርቅ አይለብስም፣ ከባድ ዕቃም አይቀመጥበትም።

እኚያ እናት በማግሥቱ መጡ። ጠረጴዛውን ዳሰስ አድርገው «ልጄ፣ ደርቋል?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ደርቋል» አልኳቸው። እውነት ነበር። ቀሪውን ክፍያ ተቀበልኩ፤ ያን ማታም ሐሰት አልተናገርኩም ብዬ በሰላም ጸለይኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ለበዓሉ ዳንቴል አልብሰው የአበባ ማስቀመጫ አኑረውበት ኖሯል። ዳንቴሉን ሲያነሡት የክሩ ቅርጽ ጠረጴዛው ላይ ታትሟል። አልተቆጡኝም። «ምን አጥፍቼ ይሆን ልጄ?» ነበር ያሉኝ። የእኔን ጥፋት በራሳቸው ላይ ሲፈልጉ ስሰማ አፈርኩ።

«ስለ ዳንቴል አልጠየቁኝም» ልል እችል ነበር። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እሳቸው የጠየቁኝ «ልጠቀምበት እችላለሁ?» ብለው ነው። እኔም ይህን እያወቅሁ ሌላ ጥያቄ መለስኩ። ሠሪ የሚያውቀውን ሁሉ ለገዢ የመተንተን ግዴታ የለበትም፤ ስለ ብሩሹ ዓይነት ባልነግራቸው ምንም አይጎዱም። ዝም ያልኩት ግን እሳቸውን የሚጎዳውን፣ ዝም ማለቱም እኔን የሚጠቅመኝን ነገር ነው። ውሸቱ ያለው በዚህ ምርጫ ውስጥ ይመስለኛል።

ይህ የአናጺ ብቻ ነገር አይደለም። ከደጅ አንድ እርምጃ ወጥተን «መንገድ ላይ ነኝ» እንላለን። አንድ ገጽ ገልጠን «እያጠናሁ ነው» እንላለን። ለመክፈል ሳናስብ ላበደረን ወዳጅ «አልረሳሁትም» እንላለን። ቃሉ ሲዳሰስ ደርቋል፤ ያመነን ሰው ሸክሙን ሲያሳርፍበት ግን ጉዱ ይወጣል።

ጠረጴዛውን መልሼ አመጣሁ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ጠብቄ አሸሁት፣ እንደገናም ቀባሁት፣ ሦስት ሳምንትም እኔው ዘንድ አቆየሁት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ነገርኳቸው፤ ከማሸቱ ይልቅ የከበደኝ ይሄኛው ነበር።

አሁን ደንበኛ «ደርቋል?» ሲለኝ፣ «ለእጅ ደርቋል፤ ለዳንቴል ገና ነው» እላለሁ። አንዳንዱ ለበዓል አይደርስልኝም ብሎ ወደ ሌላ ሠሪ ይሄዳል። ገንዘቡ ይቆጨኛል። ስልኬ ሲጮኽ ግን አልደነግጥም።