ስለ ቈሰለ ልብ ሐኪም መፈለግ ያሳፍራልን?

እጁ የተሰበረውን ልጅ አባቱ ታቅፎ ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጥ፥ መንገደኛው ሁሉ ያዝንለታል እንጂ የሚነቅፈው የለም። ልቡ በድንጋጤ የቈሰለውን ልጅ ግን ወላጆቹ በጓዳ ይሸሽጉታል፤ ጎረቤት ሲጠይቅም «ምች መትቶት ነው» ይላሉ።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፥ ከሸሹት ቤተ ሰቦች አንዱን አውቃለሁ። የ15 ዓመት ልጃቸው በመንገድ ላይ ያየችውን ነገር ለማንም አልተናገረችም። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ግን በር ሲንኳኳ ከአልጋ ሥር ትገባ ነበር፤ ሌሊትም እየጮኸች ትነቃ ነበር። በዚያ መንገድ ላለማለፍ ብላ ትምህርትዋን ተወች። አባትዋ ስንፍና መስሎት ተቈጣት፤ ዘመዶችዋ ጠበል ወሰዱአት፤ እኛም ጸለይንላት። እኔም በደሌን አልሸሽግም፤ «ያለፈውን ርሺው፥ በሕይወት ስለ ተረፍሽ አመስግኚ» ብዬ መከርኋት። እርስዋም «እሺ» አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔ ስመጣ ወደ ጓዳ ትገባ ጀመር።

አንድ ቀን እናትዋ በደብተርዋ ውስጥ መኖር እንደ ሰለቻት የጻፈችውን አገኘች። አባትየው እየተንቀጠቀጠ መጥቶ፥ «መምህር፥ ወደ አእምሮ ሐኪም ብወስዳት ነገ ማን ያገባታል? ደግሞስ እምነት ማጉደል አይሆንብኝምን?» አለኝ።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ እውነቱን ነገርሁት፦ የምትጠብቀው የእርስዋን ስም አይደለም፥ የራስህን ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እርስዋ ናት። ስለ ሁለተኛው፥ ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ ሁላችን እናውቃለን። ነቢዩ ኤልያስም ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ፥ መልአኩ እምነቱን አልመረመረም፥ አልገሠጸውምም፤ የሚበላና የሚጠጣ አቀረበለት፥ እርሱም በልቶ ደግሞ ተኛ። ጥያቄው የመጣለት ብዙ ቀን ቈይቶ በኮሬብ ነው። እኔ ግን ያችን ልጅ ሳትተኛ ጠየቅኋት፥ ሳትድንም አመስግኚ አልኋት።

ከብርቱ ድንጋጤ በኋላ እንቅልፍ ማጣትና መባነን በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፥ በጥቂት ሳምንትም ይቀልላል። ከአንድ ወር አልፎ ሲጸና ግን ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2013 ባወጣው መመሪያ፥ እንዲህ ላለ ልጅ በተማረ ሰው የሚመራ የንግግር ሕክምና እንዲሰጠው ይመክራል፤ የድብርት መድኃኒትን ግን ለልጆች የዚህ ሕመም ማከሚያ አያደርገውም። ልጅ መሞትን ካነሣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ቀረበው ሆስፒታል ይወሰዳል፥ እስኪታይም ድረስ ብቻውን አይተውም።

ብዙ ሰው ለዚህ ሕመም ከአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል በቀር ሌላ ቦታ ያለ አይመስለውም። ዳሩ ግን ዛሬ በየክልሉ ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሐኪም ወይም በዚህ ሥራ የሠለጠነ ነርስ ይገኛል፤ ለልጆች ብቻ የተማሩት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸውና ፍለጋው ትዕግሥት ይጠይቃል። እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ልጅቱን ሳያነጋግሩ ክኒን ሰጥተው ሰደዱን። ክኒኑ እንቅልፍ ሰጣት፥ ሕልሙን ግን አልወሰደውም። አባትየው «ይኸው፥ አልሁህ» ብሎ ሊተወው ነበር፤ ለምኜ እንደ ገና አስነሣሁት።

በሁለተኛው ቦታ ያገኘናት ሴት ስለ መንገዱ አልጠየቀቻትም። ራስዋን ለመጕዳት ታስብ እንደ ሆነ በግልጥ ጠየቀቻት፤ ከዚያም ስለ እንቅልፍዋ፥ ስለ ምግብዋ፥ ስለምትወደው ትምህርት አነጋገረቻት፤ ድንጋጤው ሲመጣም ቀስ ብላ መተንፈስን አስተማረቻት። በየሳምንቱም ተመላለሱ። ልጅቱ ስለ መንገዱ ራስዋ መናገር የጀመረችው በስድስተኛው ሳምንት ነው። አባትየውንም ለብቻው ጠርታ፥ ሕመሙ ስንፍና እንዳይደለ አስረዳችው፤ እርሱም በዚያ ክፍል ውስጥ አለቀሰ።

ልጅቱ ወደ ትምህርትዋ ተመልሳለች፥ ዛሬም ግን አንዳንድ ሌሊት ትባንናለች። ለአባትዋ ሁሉን አልነገረችውም፥ እርሱም አይጠይቃትም። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ከደጅ ቆሞ ስምዋን ይጠራል።