መደነቅ ለማን ነው?

ለመሆኑ ሰው ብቻውን ሆኖ ሲያደምጥ የሚሰማውና ሌሎች እያዩት ሲያደምጥ የሚያሳየው ስሜት አንድ ነውን? ጥያቄው አዲስ ባይሆንም ዛሬ በየእጅ ስልካችን ላይ ይታያል። ወጣቶች ካሜራ ፊት ተቀምጠው፣ እነርሱ ከመወለዳቸው በፊት የወጡ ስመ ጥር የሙዚቃ አልበሞችን «ለመጀመሪያ ጊዜ» ያደምጣሉ። ሲደነቁ፣ ሲስቁ፣ አንዳንዴም ሲያለቅሱ ብዙ ሕዝብ ይመለከታቸዋል።

በዚህ ረገድ በሰፊው የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት የጌሪ ከተማ ልጆች የሆኑ ሁለት መንትያ ወንድማማቾች ያሰራጩት ቪዲዮ ነው። ያደመጡት እንግሊዛዊው ፊል ኮሊንስ በ1981 «ፌስ ቫልዩ» በተሰኘው አልበሙ ያወጣውን አንድ ዘፈን ነበር። ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በላይ በዝግታ ይጓዝና ከበሮው በድንገት ይፈነዳል። ልጆቹ ያን ጊዜ ሲደነግጡ ዓለም አብሯቸው ሳቀ፤ ዘፈኑም ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ሽያጭ ሰንጠረዥ የላይኛ ደረጃዎች ተመለሰ።

ሰዎች በዚያ ቪዲዮ ምኑን ወደዱት? ዘፈኑንማ ብዙዎቹ ያውቁታል። የወደዱት፣ እነርሱ ዘንድ ዳግም የማይመጣውን የመጀመሪያ ድንጋጤ በሌላ ሰው ፊት ላይ ማየቱን ነው። የወደደውን መጽሐፍ ለጓደኛው አውሶ «የት ደረስክ?» እያለ የሚነዘንዝ ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ምኞቱ ክፉ አይደለም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ጊዜ አንዴ ብቻ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ የሚተዳደረው ወጣት ግን ነገም ከነገ ወዲያም መደነቅ አለበት። ተመልካቹም አብዛኛውን ጊዜ የአልበሙ ወዳጅ ነውና አልበሙ ምንም ካልሰጠው ይህንን በድፍረት ለመናገር ይከብደዋል። ሌላም ነገር አለ። ፒንክ ፍሎይድ የተሰኘው የእንግሊዝ ቡድን በ1973 ያወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» 43 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ አንዱ ዘፈን ከሌላው ጋር እየተያያዘ እንዲፈስ ታስቦ የተሠራ ነው። ዩቲዩብ ግን የተቀዳ ሙዚቃን በራሱ የሚለይበት ሥርዓት ስላለው፣ ባለመብቱ ቪዲዮውን ሊያሳግድ ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አድማጩ በየደቂቃው እያቆመ ያወራል፤ ገና ላላለቀ ነገር ፍርድ ይሰጣል። ይህ ማድመጥ ይባል እንደሆነ እንጃ!

በሙዚቃ መሣሪያ ሑክም ላይ ዑለማዎች ያላቸው የአስተያየት ልዩነት የታወቀ ነው፤ እዚህ የተነሳው ጉዳይ ግን እርሱ አይደለም። በ505 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1111) ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተሰኘው ሥራቸው ውስጥ ስለ ማድመጥና በማድመጥ ስለሚመጣው የልብ መነካት አንድ ሙሉ ክፍል ጽፈዋል። ሳይፈለግ በራሱ የሚመጣውን «ወጅድ»፣ ሰው ተጣጥሮ የሚያመጣውን ደግሞ «ተዋጁድ» ይሉታል። ሁለተኛውን በጅምላ አላወገዙትም። ለሰው ዓይን ተብሎ ከተደረገ ሪያእ ነው፤ ልቡን ወደዚያ ሁኔታ ለማድረስ የሚታገል ሰው ከሆነ ግን ይመሰገናል። ቁርኣን ሲሰማ ማልቀስ ያቃተው ሰው ለማልቀስ ይሞክር የሚለውንም ሐዲስ ለዚህ ያነሳሉ።

በዚህ ሚዛን ካየነው ካሜራ ፊት የሚደነቀው ሁሉ አስመሳይ አይደለም። «ታላቅ ሥራ ነው» ሲባል ሰምቶ፣ መጀመሪያ ባይገባውም ራሱን አዘጋጅቶ የሚቀመጥ ወጣት ይኖራል። ትናንት የሰማውን ዛሬ እንዳልሰማ ሆኖ ዓይኑን የሚያፈጥም ይኖራል። አስቸጋሪው ነገር ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ ነውን? ጁነይድ አል-ባግዳዲ ማድመጥ ጊዜ፣ ቦታና ወንድሞች ያስፈልጉታል ማለታቸው ይነገራል። ወንድም አብሮ ያደምጣል እንጂ የወንድሙን ፊት አይጠብቅም። በወሎ የመንዙማ ሐድራ ላይ አዝማቹን የሚቀበለው ጀመዓ ሁሉ የማድመጡ አካል ነው፤ ጥግ ይዞ ዝም ያለውን «ለምን አልተነካህም?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስልክ ይዘን የምናየው እኛ ግን ከአድማጩ ጋር አልተቀመጥንም፤ ፊቱ የሚለወጥበትን ሰከንድ ነው የምንጠብቀው።

እኒሁ ጁነይድ በኋለኛው ዕድሜያቸው ሲያደምጡ ለምን እንደማይንቀሳቀሱ ተጠይቀው፣ ከሱረቱ አን-ነምል ስለ ተራሮች የሚናገረውን አንቀጽ መለሱ፤ የቆሙ ይመስላሉ እንጂ በእርግጥ ይጓዛሉ ለማለት ነው። እንዲህ ያለ አድማጭ 43 ደቂቃ ሙሉ ካሜራ ፊት ዝም ብሎ ቢቀመጥ ማን ያየዋል? እኔም ከአምስት ደቂቃ በላይ የምታገሥ አይመስለኝም።