አረሙ ማን ነው? ከዴራ ግቢ የተነሣ ሐተታ

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ከአጥሩ ማዶ ቆመው ግቢዬን አዩና «ልጄ፣ ምነው ግቢህን አረም ዋጠው?» አሉኝ። «እማማ፣ እስከ ጥቅምት ይታገሡኝ፤ ያኔ አጭደዋለሁ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ገቡ። እኔ ግን እዚያው ጎንበስ ብዬ አረም ያሉትን አየሁት። ሰርዶ አለ። ራስ ክምር አለ። በመሐላቸው ደግሞ እንቡጡን የቋጠረ አደይ ቆሟል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእኚሁ እናት የልጅ ልጆች ለእንቁጣጣሽ አደይ ሊቀጥፉ ደጄን አንኳኩ። በነሐሴ አረም የተባለው በመስከረም የዓመቱ ብሥራት ሆነ። ሥሩ ያው ነው፤ አገዳው ያው ነው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

ሐተታ መመርመር ነውና ከስሙ እንነሣ። አረም የተክል ስም አይደለም። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት ለመመዝገብ እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው ታላቅ ሥራ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን በየወገናቸው አስቀምጧል፤ ከእነዚህም አሥር በመቶ ያህሉ ከዚህ ምድር ውጭ የማይገኙ ናቸው። በዚያ ሁሉ ጥራዝ ውስጥ «አረም» የሚባል ወገን የለም። አደይ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው እንኳ አንድ ተክል አይደለም። የዕፅዋት ተመራማሪው መስፍን ታደሰ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን የአደይ ወገኖች አንድ በአንድ ለይተዋል፤ ሁሉንም አንድ የሚያስመስላቸው ቢጫው ቀለም ነው።

አረምነት በተክሉ ቅጠል ወይም ሥር ውስጥ ካልተገኘ፣ ሊገኝ የሚችለው በተመልካቹ ፍርድ ውስጥ ነው። ፍርድ ደግሞ ያለ ዓላማ አይቆምም። ገበሬ ስንዴ ዘርቶ በመሐሉ የበቀለውን ሲነቅል በቂ ምክንያት አለው፤ ያ ተክል የልጆቹን እንጀራ ይሻማዋልና። «ለምን ነቀልኸው?» ቢሉት መልስ አለው። እኔ ግን በግቢዬ ያለውን አደይ በነሐሴ ብነቅለው ለምን እንደነቀልሁት ብጠየቅ ምን እላለሁ? በቦታው የዘራሁት የለም፤ የሚሻማኝም የለም። «ሰው ምን ይለኛል» ከማለት በቀር ምክንያት የለኝም። ያለ ምክንያት የተሰጠ ፍርድ ደግሞ በሰው ላይ ሲሆን ግፍ እንለዋለን።

በማሳ ውስጥ ያለው ፍርድም ቢሆን ይግባኝ የሌለው አይደለም። ይህን ለመናገር ዴራ ካለችበት ከአርሲ የተሻለ ቦታ የለም። የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች «ካዱ» የሚሉት፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራ ጀመረ። የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ተያይዘው መጡ። አርሲ የስንዴ አገር ሆነች፤ ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሕዝብ በልቶበታል። ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚለው መድኃኒት ግን ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ብቻ ለይቶ የሚገድል ነው። መጭን፣ አደይንና መሰሎቻቸውን ያጠፋል፤ የሣር ወገን የሆነውን ሁሉ ይተዋል። ዓመት በዓመት ሲረጭ የአበቦቹን ቦታ ሙጃና ስናር ወረሱት። እነዚህ ራሳቸው እንደ ስንዴ የሣር ወገን ስለሆኑ ከስንዴው ለይቶ ማጥፋቱ የበለጠ የሚያስቸግርና የበለጠ ወጪ የሚጠይቅ ሆነ። አበባው ተባረረ፤ አረሙ ግን አላለቀም።

ከማሳው የተባረረው መጭ ማን እንደሆነም እንጠይቅ። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ተመራማሪዎች ኑግ የተገኘው ከዚሁ ከዱሩ ወገን እንደሆነ ያስባሉ። ጤፍም ቢሆን የዱር ቅድመ አያቱ ተራ ሣር እንደነበረ ይታመናል። አንድ የጥንት ሰው ያን ሣር አረም ነው ብሎ ነቅሎ ቢጥለው ኖሮ ዛሬ ምን እንደምንበላ አላውቅም። የዛሬው ፍርዳችን ነገ የሚመጣውን ሰው ጥያቄ አስቀድሞ ይዘጋል፤ ስለዚህ ፍርዱ ጠባብ መሆን አለበት። በማሳ ላይ ከሆነ በማሳ ይወሰን፤ ወደ ድንበሩ፣ ወደ መንገዱ ዳር፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳና ወደ ግቢያችን አይሻገር።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ሁሉም አረም አይደለም ካልህ ሁሉንም ልትተወው ነው?» የሚል። አይደለም። እዚሁ ዴራ አካባቢ ከስምጥ ሸለቆው ተነሥቶ በየመንገዱ ዳር የሚወጣ ነጭ አበባ ያለው ተክል አለ። በአማርኛ ቅንጨ አረም ይባላል፤ በኦሮምኛ ደግሞ ፈረምሲሳ፣ አስፈራሚው እንደ ማለት። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ የሰውን ቆዳ ያሳክካል፤ ላም ከበላችው ወተቷን ያመርራል። እዚህ በበቂ የሚገታው ጠላት ስለሌለው ሌላውን ሁሉ ውጦ ብቻውን ይቀራል። እኔ ይህን አበባ ሳያወጣ፣ እጄን በላስቲክ ሸፍኜ ከነሥሩ እነቅለዋለሁ። ከአደይ የሚለየው በመልኩ አይደለም። አደይ ከሰርዶውና ከራስ ክምሩ ጋር ተካፍሎ ይኖራል፤ ቅንጨ አረም መካፈል አያውቅም። እንግዲህ አረም የሚለው ቃል የሚገባው ተክል ካለ፣ ከሌሎች ጋር መኖርን የሚያጠፋው ነው።

ከዚህ የሚወጣ ትልቅ ልዩነት አለ፤ መተው ሌላ ነው፣ ቸል ማለት ሌላ ነው። ቸል ያለ ሰው አያይም። የሚተው ሰው ግን እያየ፣ እየለየና ቀን እየቆጠረ ይተዋል። ይህ ጥበብ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአርሲ አርሶ አደር ካሎ ያውቃል። ክረምቱን ከብት እንዳይገባበት የሚከለለው ሣር አብቦ፣ ዘሩን አርግፎ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይታጨዳል፤ ድርቆሽ ሆኖ ለበጋ ይከመራል። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ሕዝቡ ቄሮ በተባለው ጥንታዊ ሥርዓቱ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ያቆይና በስምምነት ይከፍተው ነበር። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም በዚያ አሉ። ሣሩን የጠበቁት አያቶች የጠበቁት ለቤት ክዳንና ለከብት ነው፤ ቀበሮውን ያተረፈው ግን ያው ትዕግሥታቸው ነው።

በሌላው ዓለም ያለውን ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የሣር ማጨጃ መኪና የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1830 በእንግሊዝ አገር ነው፤ ኤድዊን በዲንግ የተባለ ሰው ሐሳቡን የወሰደው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨርቅ ጸጉር ከሚላጭ መሣሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሣር እንደ ጨርቅ የተላጨ መሆን አለበት የሚለው ውበት ዓለምን ዞረ፤ እኛም ዘንድ በየሆቴሉና በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ደረሰ። ያችው እንግሊዝ ከ1930ዎቹ ወዲህ ከአበባማ የሣር መስኮቿ 97 በመቶውን አጥታለች፤ ዛሬ ሕዝቧ ቢያንስ ግንቦትን ሣሩን ሳያጭድ እንዲያሳልፍ ይለመናል። እነሱ ብዙ ወጪ አውጥተው ሊመልሱት የሚደክሙበትን እኛ ገና አልጨረስነውም። ለመድከም ሳይሆን ላለማጥፋት ጊዜው አላለፈብንም።

እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ ትዕግሥት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ፀሐይ ስትሞቅ፣ አንድ አደይ አጠገብ ቁጢጥ ብላችሁ ተመልከቱ። መሐል ላይ ያለው ክብ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። የሚከፈቱት በአንድ ቀን አይደለም፤ ከዳር ጀምረው በተራ ወደ መሐል ይከፈታሉ። ንቧ ይህን ታውቃለች። ዳር ዳሩን ዞራ ቀስማ ትሄዳለች፤ በማግሥቱ ስትመጣ ማዕዱ አንድ ዙር ወደ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃታል። ጥቅምት ላይ ቢጫው ይረግፍና ጥቁር ዘር ይቀራል፤ ያን ጊዜ ትናንሽ ወፎች አገዳው ላይ ተንጠልጥለው ይለቅማሉ። በራስ ክምሩ ብርቱካናማ አበባ ላይ ደግሞ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልማማ የሆነች ወፍ ትመጣለች። ማጭዴ በመስከረም ቢያልፍ ንቧ ግማሹን ማዕድ ታጣለች፤ ወፉ ሁሉንም ያጣል፤ ዘሩ ሳይረግፍ የታጨደው አደይም በሚመጣው ዓመት አይበቅልም።

ከመሬት በታችም ነዋሪ አለ። ጣዝማ መናደፊያ የላትም፤ ጎጆዋን የምትሠራው በምድር ውስጥ ነው። ማሯን ለመድኃኒት የማይፈልግ የለም፤ ነገር ግን ጣዝማ የምትኖረው ያልታረሰ መሬትና ያልተቋረጠ አበባ ባለበት ነው። ማሩን በውድ ዋጋ እየገዛን ቤቷን በነጻ እናፈርሳለን።

«ሕዝብ ስንዴ በሚፈልግበት አገር ስለ አበባ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ስንዴ ንብ እንደማይሻ እቀበላለሁ፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ኑግ ግን ያለ ንብ ፍሬው ይመነምናል፤ ባቄላም በንብ ይጠቀማል። ቢሆንም መልሴን በጥቅም ላይ ብቻ መጣል አልፈልግም። ጥቅሙ ያልታወቀውን ሁሉ ለመንቀል ፈቃድ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ከዴራ አጠገብ ያለው የዴራ ዲልፈቃር ጥብቅ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ክፍል ነው፤ በቁጥቋጦው ውስጥ አጋዘን አለ። ለአጋዘኑ መኖር ጥቅሙን አስልተን ፈቃድ አልሰጠነውም፤ ከእኛ በፊት ስለነበረ ነው። ለአጋዘን የሰጠነውን ክብር ለአደይና ለጣዝማ የምንነፍገው ትንሽ ስለሆኑ ብቻ ከሆነ፣ መጠን የፍትሕ መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

የጎረቤቴ ሥጋትም አለ። ረጅም ሣር እባብ ይደብቃል። ትክክል ነው። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያና በመተላለፊያው ላይ ያለውን አጭር አድርጌ አጭዳለሁ፤ ከአጥሩ ሥር ያለውን እተዋለሁ። የታጨደ ዳር ያለው ሣር ባለቤቱ እንደሚያውቀው ለመንገደኛው ይናገራል። ጥቅምት ሲያልቅ ሁሉንም አጭጄ ከግቢው አወጣዋለሁ፤ እዚያው ቢበሰብስ አፈሩን ያሰባዋል፤ በሰባ አፈር ላይ ደግሞ ጉልበተኛ ሣር አበባውን ይውጠዋል። ድርቆሹ ለእማማ ላም ይሆናል።

የሐተታዬ ፍርድ ይህ ነው። አረም ማለት ከሌሎች ጋር መኖርን የሚያጠፋ ነው፤ ቅንጨ አረም እንደዚያ ነው፤ በሚያየው ሁሉ ላይ ያለ ምክንያት ማጭድ የሚያነሣ ሰውም ወደዚያ ይቀርባል። አደይ ግን አይደለም። በአርሲ ኬሎ የሚሉት፣ ለኢሬቻ ከእርጥብ ሣር ጋር ወደ ውኃ ዳር የሚወስዱት፣ ለእንቁጣጣሽ ልጆች የሚያሥሩት ያው አበባ ነው። በዓሉን የምንወድ ከሆነ አበባው የሚያድርበትን መሬት እንውደድ። አንባቢ ሆይ፣ ችግኝ ግዛ አልልህም፤ ገንዘብም አውጣ አልልህም። ከግቢህ አንዲት ጥግ ምረጥ፣ ቅንጨ አረሙን ከነሥሩ ንቀል፣ የቀረውን ዘሩ እስኪረግፍ ተወው። ማጭድህን እስከ ጥቅምት አቆየው።